ከቢጂፒ ጎረቤት በፊት ማጣሪያው ይቅደም

በቢጂፒ፣ ማለትም ኔትወርኮች ወደ አድራሻዎቻቸው የሚያደርሱ መንገዶችን እርስ በርስ በሚያስተዋውቁበት ፕሮቶኮል፣ ሁለት ራውተሮችን ማገናኘት በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ወገን የራሱን የኤኤስ (በአንድ አስተዳደር ሥር ያለ ኔትወርክ) ቁጥር እንዲሁም የጎረቤቱን ቁጥርና አይፒ አድራሻ በትክክል ከጻፈ፣ ግንኙነቱ በቲሲፒ ወደብ 179 ላይ ይመሠረታል። እኔም ለመለማመጃ ሁለት ራውተሮችን ኮምፒውተርን እንደ ራውተር በሚያሠራው በኤፍአርአር ሶፍትዌር አቁሜ፣ ለግል አገልግሎት ከተተዉት ከ64512 እስከ 65534 ካሉት ቁጥሮች 65001ን ለአንዱ፣ 65002ን ለሌላው ሰጠኋቸው።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ በግንኙነቱ ሁኔታ ላይ የሚታየው «አክቲቭ» የሚለው ቃል ነው። ጎረቤቱ ሥራ የጀመረ መስሎኝ ብዙ ጠበቅሁ፤ ቃሉ የሚያመለክተው ግን ራውተሩ ግንኙነት ለመመሥረት እየሞከረ ገና እንዳልተሳካለት ነው። ጥፋቱ የጎረቤቱን አድራሻ የመጨረሻ አኃዝ አሳስቼ መጻፌ ነበር። ያን ሳርም ሁኔታው ወደ «ኢስታብሊሽድ» (ተመሥርቷል) ተለወጠ።

ይሁን እንጂ አንድም መንገድ አልተላለፈም። ይህ ብልሽት አይደለም። በ2017 የወጣው አርኤፍሲ 8212 የተባለ የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ በሁለት የተለያዩ ኤኤሶች መካከል የመግቢያና የመውጫ ፖሊሲ (የትኛው መንገድ እንዲገባና እንዲወጣ የሚወስን ደንብ) ካልተጻፈ ራውተሩ ምንም እንዳይቀበልና ምንም እንዳያስተዋውቅ ይደነግጋል፤ ኤፍአርአርም ይህንኑ ስለሚከተል በሠንጠረዡ ላይ «ፖሊሲ» የሚል ምልክት ብቻ ያሳያል። ድንጋጌውን በአንድ ትእዛዝ ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙ መመሪያዎችም ይህን አቋራጭ ያሳያሉ። እኔ ግን በመለማመጃ ላይ እንኳ አልደግፈውም፤ እጅ የለመደውን በእውነተኛው ኔትወርክ ላይም ይደግማልና።

ማጣሪያ ሲጎድል የሚሆነውን አንድ ምሳሌ ያሳያል፦ የካቲት 2008 እ.ኤ.አ. የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት 208.65.153.0/24 የሚለውን መንገድ አስተዋወቀ። የዩቲዩብ ማስታወቂያ ያንን ክልል ጭምር የያዘው ሰፊው 208.65.152.0/22 ነበር፤ ራውተሮች ደግሞ ሁልጊዜ ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን መንገድ ስለሚመርጡ፣ ከበላይ ያለው አገልግሎት ሰጪም ማስታወቂያውን ሳያጣራ ስላሳለፈው፣ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ተቋረጠ።

ስለዚህ የራሴን 203.0.113.0/24 ብቻ የሚፈቅድ የፕሪፊክስ (የአድራሻ ክልል) ዝርዝር ጽፌ ሩት ማፕ በተባለው የፖሊሲ መጻፊያ አማካይነት በመውጫው ላይ አሰርሁት፤ በመግቢያው ላይም ከጎረቤቴ የምጠብቀውን ብቻ ፈቀድሁ፣ የሚላክልኝ መንገድ ብዛትም ወሰን እንዲኖረው አደረግሁ። ያስተዋወቅሁት ክልል በራውተሩ የመንገድ ሠንጠረዥ ውስጥ በትክክል መኖር ስላለበት፣ ወደ ባዶ የሚያመራ ቋሚ መንገድ ጨመርሁለት። ከዚያ በኋላ በጎረቤቱ ሠንጠረዥ ላይ ከእኔ የመጣ አንድ መንገድ ብቻ ታየ።