ኮምቦልቻ ሆኜ የባቡር ሰዓት ስሠራ

ሐዲዱ ኮምቦልቻ ሲደርስ ያየ ሰው ባቡሩን መናፈቁ አይቀርም። ከአዋሽ ተነስቶ በኛ ከተማ አልፎ ሃራ ገበያ የሚደርሰው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጦርነቱ ብዙ ጉዳት ደርሶበታል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። መንገደኛ የሚጭንበትን ቀን ስጠብቅ፣ የጉዞ ሰዓቱን ከተማሪዎቼ ጋር በወረቀት ልሞክረው አልኩ።

ስኩዌር ወረቀት አገጣጥመን ለጠፍን። ወደ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ጎን 1 ሳንቲ ሜትር 10 ደቂቃ። ከኮምቦልቻ አዋሽ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ በአማካይ በሰዓት 60 ይሄዳል፣ በየ30 ኪሎ ሜትሩም መተላለፊያ (ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉበት ተጨማሪ ሐዲድ) ያለው ጣቢያ አለ ብለን ያዝን። ግምት ነው፤ ለልምምድ ይበቃል።

አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ሌላው ከአዋሽ፣ ሁለቱም ባቡሮች ጠዋት 1፡00 ይነሱ ብዬ በቀይ እስኪርብቶ ሁለት መስመር አሰመርኩ። 3፡15 ላይ ተቋረጡ፣ 135ኛው ኪሎ ሜትር ላይ። እዚያ ጣቢያ የለም። ሐዲዱ ደግሞ ነጠላ ነው። (የአዲስ አበባ–ጅቡቲውም ቢሆን ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ብቻ ነው።) ስለዚህ አንዱ ባቡር ከነተሳፋሪው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሌላውን ሊጠብቅ ነው።

መፍትሔው ከደሴ መጣ። በየቀኑ ከደሴ የምትመላለስ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ የደሴ ሰው 1፡00 ላይ በምን ይደርሳል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ደሴ ሐዲድ የለም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ካለ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የኛን ባቡር ወደ 1፡30 ገፋሁት። መስመሮቹ 3፡30 ላይ፣ ከኮምቦልቻ ልክ 120ኛው ኪሎ ሜትር ጣቢያ ላይ ተገናኙ። እኔ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ የቀረሁትን እሷ ከመናኸሪያ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው ተሳፋሪው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት መመለሻው ላይ ነው። ከአዋሽ የሚመጣው 5፡30 ይገባል። ቶሎ ይመለስ ብዬ 5፡40 ላይ አስነሳሁት። ሰው ወርዶ፣ ሌላው ተሳፍሮ፣ ፍሬን ተፈትሾ በ10 ደቂቃ! የኛ ባቡር ጠዋት በሩ ላይ ሰው ተጨናንቆ 20 ደቂቃ ቢዘገይስ ብለን ሞከርን። የአዋሹ መተላለፊያው ላይ 20 ደቂቃ ይጠብቀዋል፤ ኮምቦልቻ የሚገባው 5፡50 ነው። መነሳት የነበረበት ሰዓት አልፏል። የከሰዓቱ ጉዞ በሙሉ ተበላሸ፣ ጠዋት በአንድ በር መጨናነቅ ምክንያት። ባቡሩ ገብቶ እስኪመለስ የሚቆምበትን ጊዜ 45 ደቂቃ አደረግነው። መጀመሪያ እንደ ብክነት አየው ነበር፤ አሁን ከሁሉም በላይ የምከራከርለት እሱን ነው።

በዚህ ሳምንት የጭነት ባቡር በሰማያዊ እያስገባን ነው። በሰዓት 40 ሰጠነው። ገና የመጀመሪያዋ መስመር ሁለቱንም ቀዮች ቆረጠቻቸው፤ አንደኛው ቦታ ላይ ጣቢያ የለም።