ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፑ መቀየር ይኖርበታልን?

እንደ ስኳየር አፊኒቲ ስትራቶካስተር ያለ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ የኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ጀማሪ፣ ብዙ ሳይቆይ የክሮቹን ድምፅ ስለሚያነሣው ክፍል «ፒክአፑን ቀይረው» የሚል ምክር ይሰማል። የአንድ ታዋቂ አምራች የፒክአፕ ስብስብ የጊታሩን ግማሽ ዋጋ ሊያወጣ ስለሚችል ምክሩ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ከዚያ በፊት መሠራት ያለባቸው ሥራዎች እንዳሉ፣ እነዚያ በሚገባ ከተሠሩም ብዙዎቹ ጊታሮች አዲስ ፒክአፕ እንደማያስፈልጋቸው አምናለሁ።

ፒክአፕ ማለት እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፣ በጥምጥሙም ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ስለዚህ ክሩ ያረጀ ወይም ከፍሬቶቹ (በጊታሩ አንገት ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ውድ የሆነው ፒክአፕም የሚያነሣው ያንኑ ጉድለት ነው፤ ምናልባትም ይበልጥ አጉልቶ ያሰማው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለው የፒክአፑ ከፍታ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ብሎኖች የተቀመጡት ለዚሁ ሲሆን፣ ሥራው ከአንድ መፍቻና ከአንድ ማስመሪያ በቀር ወጪ የለውም። ለተለመደው የስትራቶካስተር ፒክአፕ አምራቹ ፌንደር የሚመክረው መነሻ፣ ክሩ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ ሲለካ፣ በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል ደግሞ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ከክሩ እስከ ፒክአፑ ያለ ክፍተት ነው። ፒክአፑ ከዚህ እጅግ ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ በተለይ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ድምፁ ይዋልላል፣ በትክክል የተቃኘው ጊታር እንኳ ያልተቃኘ ይመስላል። ትዝታን ያለ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሳያሻክር)፣ ድምፁን እያስረዘመ ለሚጫወት ሰው ይህ መዋለል ወዲያውኑ ጆሮ ውስጥ ይገባል። በአንጻሩ ፒክአፑ ከራቀ ድምፁ ይደክማል፣ ይቀጥናል። ጥቂት ዙር ብሎን ማዞር የሚያመጣው ለውጥ ከሚገመተው በላይ ስለሆነ፣ ይህን ሳይሞክሩ ገንዘብ ማውጣት ያሳዝነኛል።

«ሴራሚክ ማግኔት መጥፎ፣ አልኒኮ (ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተሠራው ማግኔት) ጥሩ» የሚለውን አባባልም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። የሁለቱ ድምፅ በእርግጥ ሊለያይ ይችላል፤ ነገር ግን የጥምጥሙ ብዛት፣ የፖቴንሽዮሜትሩ (የድምፅ ማስተካከያ ቁልፉ) መጠንና የኬብሉ ርዝመትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ደግሞም እንደ ያማሃ ፓሲፊካ 112V ያሉ ዋጋቸው መጠነኛ የሆኑ ጊታሮች ከፋብሪካ የሚወጡት አልኒኮ ይዘው ነው።

የሚያስቸግረው እዝታ ከሆነ ምክንያቱን መለየት ያሻል። ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ በአካባቢው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ በአገራችን ከ50 ኸርዝ ሞገድ፣ እዝታ ያነሣል፤ በሌላ ባለ አንድ ጥምጥም ቢተካም እዝታው አይጠፋም። የጊታር አምራቹ የጊብሰን ባልደረባ ሴዝ ላቨር በ1950ዎቹ ሀምበከር የተባለውን ባለ ሁለት ጥምጥም ፒክአፕ የሠራው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ሲሆን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የተገጠሙት ሁለት ጥምጥሞች የክሩን ድምፅ እየደመሩ እዝታውን እርስ በርስ ያጣፋሉ። ሀምበከር ለመግዛት ከመወሰን በፊት ግን የሶኬቱን የመሬት መስመር መፈተሽና የጊታሩን ውስጠኛ ክፍል በስስ የመዳብ ልባጥ መሸፈን ይቀድማል።

መቀየሩ ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ጥምጥሙ በሰም በሚገባ ያልታሸገ ፒክአፕ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ከፍ ሲል ይጮኻል፤ በከፍታ ማስተካከል አይድንም። በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ሬዚስታንሱ ሲለካ ምንም ንባብ የማይሰጥ ፒክአፕ ደግሞ ሽቦው ሳይበጠስ አልቀረም፤ ጤነኛ የሆነ ባለ አንድ ጥምጥም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም ያህል ያሳያል። የሚፈልገውን ድምፅ ለይቶ ያወቀ፣ ጊታሩን አስተካክሎም ያንን ድምፅ ያጣ ሰው ቢቀይር አልቃወምም። እርሱም ቢሆን ከመግዛቱ በፊት በክሮቹ መካከል ያለውን ርቀትና የፒክአፑን ማስቀመጫ ጥልቀት ይለካ፤ በርካሽ ጊታሮች እነዚህ ልኮች ከተለመደው ሊለዩ ይችላሉ።