የኋላ ፍሬኔ ስፖንጅ ሆኖብኝ ዋለ

ዛሬ ጠዋት በሳይክሌ ከእንጦጦ ስወርድ የኋላ ፍሬኔን ጨበጥ ሳደርገው እጀታው ልስልስ ብሎ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ልቤ ቀጥ አለች! ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ስጨብጠው ጠንከር አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ተመልሶ ላላ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፍሬኑ የሚሠራበት ዘይት ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ዘይት ሲጫኑት እሺ አይልም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ጉልበታችሁ ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመው ሸራ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሳይክሉ ወርጄ እየገፋሁ ነው የመጣሁት።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ የሚያፈስ ቦታ ፈለግሁ። የለም። ከዚያ ጎማውንና ሸራውን አወጣሁ (ሸራ ዘይት ከነካው አለቀለት)፣ በሲሪንጅ ከታች ከካሊፐሩ (ሸራውን ከሚይዘው ክፍል) ወደ ላይ ቀስ እያልኩ አዲስ ዘይት ገፋሁ፣ ቱቦውን በመፍቻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ከላይ ትንንሽ አረፋ እየተከታተለ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ደስ ሲል!

አደራ፣ የእኔ ፍሬን ሺማኖ የሚባለው ምርት ስለሆነ የሚወስደው ሚኒራል ኦይል ነው። «ፍሬን ዘይት ሁሉ ያው ነው» ብላችሁ የመኪናውን ዶት (DOT) የሚባለውን ፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩበት፤ ውስጡ ያሉትን ጎሚኒዎች ያበላሻቸዋል።

ማታ ሰፈር ውስጥ ሞከርኩት። በአንድ ጣት ቀጥ ይላል።