«ስንት ሰዓት ነው የሚለቁት?»

ሴትዮዋ የምሳ እቃ በፌስታል ይዛ ነበር የመጣችው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፈረቃዬን ልጀምር እየገባሁ ነበር። መስታወቱ ጋ ቆማ ከዘበኛው ጋር መግባባት አቅቷታል። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ሀበሻ ነሽ አይደል? እህቴ፣ ልጄ ዲቴንሽን ነው አሉኝ። ስንት ሰዓት ነው የሚለቁት?»

ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሲያጠፋ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ቁጭ ይደረጋል። እሱም ዲቴንሽን ይባላል። እሷ የምታውቀው ይሄንን ነው። እኔ የምሰራበት ግን ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የታዳጊዎች ማቆያ ነው። ልጇ ተይዟል።

ያኔ እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ሰርቼ ነበር። ሆኖም ነገ ምን እንደሚሆን፣ ጠበቃ ማን እንደሚያቆምለት፣ ዳኛው ምን ሊወስን እንደሚችል ስትጠይቀኝ አፌ ተሳሰረ። ለካ በር ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር የማውቀው ነገር የለም። «አይዞሽ» ብቻ አልኳት። ምሳ እቃውንም አላስገቡላትም።

በዚያ ሌሊት የእረፍት ሰዓቴ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን መጎርጎር ጀመርኩ። የማረሚያና የታዳጊዎች ፍትህ የሚባል ባችለር ዲግሪ እንዳለ፣ ከነጭራሹ ግቢው ሳይደረስ በኦንላይን እንደሚማሩት ያወቅኩት ያኔ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ነበር። 38 ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች እናት።

ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ስነግረው መጀመሪያ ያለው «ነርሲንግ አይሻልሽም?» ነው። አልፈረድኩበትም፤ ሀበሻ አሜሪካ ገብቶ ትምህርት ካሰበ ነርሲንግ ነው። ቤተክርስቲያን ቡና ላይ አንዷ ወዳጄ ደግሞ «እስረኛ ለመጠበቅም ዲግሪ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። መልስ አልነበረኝማ።

ወደ ገንዘቡና ወረቀቱ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ባችለር 120 ክሬዲት ይፈልጋል። እኔ አዲስ አበባ የሰራሁት የኮሌጅ ዲፕሎማ ነበረኝ፤ እዚህም በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንዳንድ ኮርስ ቀማምሻለሁ። ስህተቴ ምን መሰላችሁ? ወረቀቴን ሳላስገመግም ተመዘገብኩ። የአገር ቤቱን ውጤት የሚገመግሙት ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱ ከኮሌጁ በቀጥታ፣ ታሽጎ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። እህቴ አዲስ አበባ ሬጅስትራር ደጅ ስትመላለስ አራት ወር አለፈ። ውጤቱ ሲመጣ፣ በገንዘቤ ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሁለቱ ቀድሞውኑ ሊያዙልኝ የሚችሉ ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ ምዝገባ። ትምህርት ቤቱ የታወቀ አክሬዲቴሽን (የጥራት እውቅና) ያለው መሆኑንም አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ከሌለው የፌደራል እርዳታም አታገኙም፣ ክሬዲቱንም ሌላ ቦታ የሚቀበላችሁ ማግኘት ይከብዳል።

ፋፍሳ የሚባለው የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ በየዓመቱ ይሞላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ማመልከት ይችላል፤ ይሄንን የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ ገቢያችን ዝቅ ያለ ስለነበር ለእኔ ተፈቅዶልኛል። ከሱ የተረፈውን አሰሪዬ ይሸፍን ነበር፤ የሚከፍለው ግን ኮርሱን ጨርሼ ሲ ወይም ከዚያ በላይ ሳመጣ ነው። ይቺ ቅድመ ሁኔታ በኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

ኦንላይን ማለት እንደተመቸኝ እማራለሁ ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። አንዱ ኮርስ 8 ሳምንት ነው። እሮብ ድረስ የውይይት ጽሁፍህን ትለጥፋለህ፤ እሁድ ድረስ ለሁለት ተማሪዎች መልስ ትጽፋለህ፤ እሁድ ሌሊት ፈተና ወይም ወረቀት አለ። የእኔ ፈረቃ ደግሞ አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ሌሊት። በመጀመሪያው ተርም ጉራ ቢጤ ያዘኝና ሁለት ኮርስ ወሰድኩ፤ አንደኛው ስታቲስቲክስ። በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት የትራፊክ መብራት ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩንባ ነው የቀሰቀሰኝ። ልጆቼ ከኋላ ወንበር ነበሩ። ስታቲስቲክሱን ዲ አመጣሁ፤ አሰሪዬም አልከፈለልኝም። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮርስ በላይ አልነካሁም። ስታቲስቲክሱን በደገምኩት ጊዜ ቢ አመጣሁ።

ሌላው የተዋረድኩበት ነገር የመጀመሪያ ወረቀቴ ነው። ያስገባነውን ጽሁፍ ኮምፒውተር ከሌላ ጽሁፍ ጋር ያመሳክራል። የእኔ 41 በመቶ ተመሳሳይ ነው ብሎ ቀይ በቀይ አደረገው። ፕሮፌሰሯ ደወለችልኝ። እኔ የተማርኩት የመምህርን ቃል ሳያዛንፉ መመለስ ጉብዝና በሆነበት ክፍል ነው፤ መጽሐፉ አሳምሮ ያለውን እኔ ለምን አበላሸዋለሁ? ይሄንኑ ነገርኳት። ስቃ ሁለት ቀን ሰጠችኝ። በዚያ ሁለት ቀን ያገኘሁትን ዘዴ እስከ መጨረሻው ይዤው ሄድኩ። አነባለሁ፣ ስክሪኑን እዘጋለሁ፣ ለባለቤቴ በአማርኛ እነግረዋለሁ። እሱ «እንዴት?» ብሎ የጠየቀኝ ቦታ እኔም ያልገባኝ ቦታ ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ።

የጎልትን ጉዳይ የነገርኩት እንደዚሁ ነው። አሪዞና፣ 1964። ጄራልድ ጎልት የ15 ዓመት ልጅ ነው። በስልክ ጎረቤትን ነውር ተናግሯል ተብሎ ይያዛል። ወላጆቹ ስራ ነበሩ፤ ተያዘ ብሎ የነገራቸው የለም። ጠበቃ የለ። ከሳሿ ችሎት አልቀረበችም። ዳኛው 21 ዓመት እስኪሞላው በታዳጊዎች ተቋም እንዲቆይ ወሰነ። ያንኑ ጥፋት ትልቅ ሰው ቢሰራው ቅጣቱ ከ5 እስከ 50 ዶላር፣ ወይም ቢበዛ የሁለት ወር እስር ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በ1967 መጣ፦ ልጅም ቢሆን ጠበቃ፣ የክሱን ማስታወቂያ፣ ምስክርን የመጠየቅና ዝም የማለት መብት አለው።

ባለቤቴ ሹካውን አስቀምጦ «እናትየው መጥታ ልጇን ስታጣውስ?» አለኝ። እኔ ያሰብኩት ምሳ እቃዋን ነው።

ስራዬ ውስጥ እንደ መመሪያ ብቻ የማውቃቸው ነገሮች ምክንያት ማግኘት ጀመሩ። ቀን ቀን ለስምንት ልጅ አንድ ሰራተኛ፣ ሲተኙ ለ16 አንድ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጣው ግን እስር ቤት ውስጥ ፆታዊ ጥቃትን ለመከላከል በ2003 የታወጀውን ህግ ተከትሎ ከወጣው ደንብ እንደሆነ የተማርኩት ክፍል ነው። ሌሊት በየ15 ደቂቃው በየበሩ መስኮት እናያለን። ማየት ማለት ደግሞ ብርድ ልብሱ ሲነሳና ሲወርድ፣ ልጁ ሲተነፍስ ማየት ነው። አንዳንዱ እስከ አናቱ ይከናነባል። ያኔ መስኮቱን በጥፍሬ ቆርቆር አደርጋለሁ። ክንዱን አውጥቶ አውራ ጣቱን ያሳየኛል፣ አልፋለሁ። ራስን ስለማጥፋት የተማርነው ሳምንት ካለፈ በኋላ ያቺን አውራ ጣት ሳላይ አልፌ አላውቅም።

ኮቪድ ሲመጣ ቤታችን ሌላ ጉድ ሆነ። ሶስት ላፕቶፕ በአንድ የኩሽና ጠረጴዛ። ትልቁ አልጀብራ፣ ትንሿ ፊደል ቆጠራ፣ እኔ ወንጀል ጥናት። አንድ በካሜራ እየተጠበቅኩ የምፈተነው ፈተና ላይ ልጄ «እማ፣ ውሃ» ብላ ገባች። ፈተናው ተቆለፈ። ሌላ ሰው ክፍል ውስጥ ታይቷል ተባልኩ። ሌላ ሰው የተባለችው የ6 ዓመት ልጅ ናት! በዚያው ሌሊት ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ፤ በሳምንቱ እንደገና ተፈተንኩ። ይሄ ልማድ ጠቅሞኛል፦ ችግሩ እንደተከሰተ መጻፍ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ይቅርታ ሰሚ የለውም። ላይብረሪ ሲከፈት የጥናት ክፍል በነፃ እየያዝኩ እዚያ ተፈተንኩ።

ስለ አገር ቤትም ጽፌያለሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996ቱ የወንጀል ህግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ሜሪላንድ ግን እስከ 2022 ድረስ በህግ የተጻፈ ዝቅተኛ ዕድሜ አልነበራትም፤ በዚያ ዓመት ነው ከጥቂት ከባድ ወንጀሎች በስተቀር 13 ያደረገችው። ክፍሉ ተገረመ፤ እኔም ትንሽ ኮራሁ። ቃሉንም አስረዳኋቸው። እኛ ማረሚያ የምንለው ከማረም ነው፤ ጤፍ ውስጥ የበቀለውን መንቀል ያው ማረም ይባላል። አንድ ጡረታ የወጣ የኦሃዮ ዘበኛ «ታዲያ ልጁ ጤፉ ነው ወይስ አረሙ?» ብሎ ጻፈልኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።

የመጨረሻ ወረቀቴ ሽምግልናንና እዚህ የሚሰራበትን የእርቅ ክብ (ያጠፋውና የተጎዳው ክብ ሰርተው ተቀምጠው የሚነጋገሩበትን) የሚያነጻጽር ነበር። ሽምግልናን ሰማይ ሰቀልኩት። ፕሮፌሰሩ ዳር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈ፦ «ሽማግሌ የሚልክለት ዘመድ የሌለው ልጅስ?» ሶስት ገጽ ቀደድኩ። ልክ ነበራ።

በ2022 ግንቦት ጨረስኩ። ምርቃቱን ሶፋ ላይ ሆነን በላፕቶፕ አየነው። ባለቤቴ ድፎ ደፍቶ ነበር፤ ከስሩ አርሮበታል። ያቺ ቡና ላይ የሳቀች ወዳጄ መጥታ እልልታውን አቀለጠችው። አሁን የራሷ ልጅ ይሄንኑ ትምህርት ይማራል።

ደሞዝ? እንደታሰበው አይደለም። የልጆቹን ጉዳይ ለሚከታተል ሰራተኛ ቦታ አመልክቼ የመጀመሪያው ቦታ አልወሰደኝም፤ ሁለተኛው ወሰደኝ። ጭማሪው መጠነኛ ነው። ቀን መስራቴ ግን ከገንዘቡ በልጦብኛል፤ ማታ ከልጆቼ ጋር እራት እበላለሁ።

ስማር ደብተሬ ጀርባ ላይ ቃል እሰበስብ ነበር። የታዳጊዎች ፍርድ ቤት የራሱ ቋንቋ አለው፤ ልጅ «ጥፋተኛ» አይባልም፣ «ፍርድ» አይፈረድበትም፣ ለሁሉም ሌላ ስም አለው። የስልክ አስተርጓሚዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉንም «ተፈረደበት» ይሉታል። እናትየዋ እዚያው ትፈርሳለች። ደብተሬ ውስጥ ያለውን ወደ አንዲት ገጽ አመጣሁትና ለወላጆች የሚሰጥ የአማርኛ ወረቀት ይሁን ብዬ ጠየቅኩ። መስሪያ ቤቱ አስገምግሞ እስኪፈቅድ ሰባት ወር ፈጀበት።

የመጀመሪያው መስመር «ይህ የትምህርት ቤት ቅጣት አይደለም» ይላል። አሁን መግቢያው ላይ፣ መስታወቱ አጠገብ ተደርድሯል። ባለፈው አርብ ሳየው 12 ቅጂ ቀርቷል። ሰኞ ላሳትም ነው።