የመበለቲቱ ዶሴ

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር አብራን በቆየችበት ጊዜ ለልጄ ዘር መቁጠር አስተማረቻት። ልጄ በእኔ በኩል ያለውን ሰባት ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳትሳሳት መዝለቅ ቻለች፤ በአባቷ በኩል ግን አባቷን፣ አያቷንና ቅድመ አያቷን ጠርታ ቆመች። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ቤተሰቡም ከሜሪላንድ ነው። አማቴን ስንጠይቃቸው ከዚያ በላይ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከቤተሰቡ አንድ ሰው በእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደር እንደነበሩና ሚስታቸው በእርጅናቸው ዘመን ከመንግሥት ገንዘብ ይቀበሉ እንደነበር። ስማቸውን እንኳ እርግጠኛ ሆነው ሊነግሩን አልቻሉም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል የፈለግኋቸው እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የቤተሰቡን ስም ያልጻፍኩት አማቴ እንዲሁ እንዲሆን ስለፈለጉ ነው።)

በአሜሪካ የጥቁር ቤተሰብን ዘር ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ብዙውን ጊዜ 1870 ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የተያዙት ሰዎች በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ ተመዝግበዋል። ጥቁር፣ ወንድ፣ 22 ዓመት። ስም የለም። የባለቤቴ ቤተሰብም በ1870 ቆጠራ ላይ በሙሉ ስማቸው ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ግን የሉም። መንገዱን የከፈተልን በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የተቀመጠው የጡረታ ማውጫ ካርድ ነው። ካርዱ ትንሽ ነው፤ የወታደሩን ስም፣ ያገለገሉበትን ጦር፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ቁጥሩን ብቻ ይዟል። በእኛ ካርድ ላይ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት የአባት ስም ተጽፎ ነበር፤ የሁለተኛው ስም ምሥጢር የገባኝ ዶሴው ራሱ ሲመጣ ነው።

ወታደሩ፣ የባለቤቴ የቅድመ አያት አባት፣ በ1863 ባልቲሞር ላይ በተቋቋመው የጥቁር ወታደሮች 4ኛ እግረኛ ሬጅመንት ተቀጠሩ። ሜሪላንድ ከአሜሪካ ኅብረት ያልተገነጠለች ክፍለ ሀገር ስለነበረች የፕሬዚዳንት ሊንከን የነጻነት አዋጅ አይመለከታትም ነበር፤ ስለዚህ እኚህ ሰው የመንግሥትን መለዮ የለበሱት የክፍለ ሀገራቸው ሕግ ገና ባርያ እያላቸው ነው። በሜሪላንድ ባርነት በሕግ የቀረው ኅዳር 1 ቀን 1864 ነበር። በዚያ ላይ ባርያው ወደ ጦሩ የገባበት፣ ለኅብረቱ ታማኝ የሆነ ጌታ፣ የአርነት ደብዳቤ ፈርሞ እስከ 300 ዶላር ካሳ መጠየቅ ይችል ነበር። ደመወዙም እኩል አልነበረም፦ ነጭ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለጥቁር ወታደር የሚታሰበው 10 ዶላር ሲሆን፣ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥ ነበር፤ ኮንግሬስ ይህን ያስተካከለው በሰኔ 1864 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 29 ቀን ሬጅመንታቸው በቨርጂኒያ፣ ኒው ማርኬት ሃይትስ በተባለው ቦታ በምሽግ ላይ ተወርውሮ እጅግ ብዙ ሰው አለቀበት። ለዚያ ቀን ጀግንነት 14 ጥቁር ወታደሮች የአገሪቱን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ሜዳይ ተሸልመዋል፤ ከእነሱ አንዱ ከተመታው ሰንደቅ ያዥ ባንዲራውን ተቀብሎ ያዳነው የዚሁ ሬጅመንት ሳጅን ክርስቲያን ፍሊትዉድ ነው። የእኛ ሰው ስም ከተሸላሚዎቹ መካከል የለም። ግራ ጭናቸውን ተመትተው ሆስፒታል ገቡ፤ ድነው ወደ ጦራቸው ተመለሱ።

እሳቸው በ1889 ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ 27 ቀን አዲስ የጡረታ ሕግ ወጣ፤ ቢያንስ 90 ቀን አገልግሎ በክብር የተሰናበተ ወታደር ሚስት፣ ባሏ የሞተው በጦርነቱ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልጋት፣ ከዕለት ሥራዋ በቀር መተዳደሪያ ከሌላት በወር 8 ዶላር እንድታገኝ ፈቀደ። መበለቲቱም ወዲያው አመለከቱ። አበሉ የተፈቀደላቸው በ1894 ነው። አራት ዓመት ሙሉ የፈጀው ምን እንደሆነ የሚናገሩት በዶሴው ውስጥ ያሉት ከመቶ የሚበልጡ ገጾች ናቸው።

መጀመሪያ ሚስት መሆናቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። የባሮችን ጋብቻ የሚያውቅ ሕግ ስላልነበረ የጋብቻ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ኮንግሬስ በ1864፣ ኋላም በ1866 ባወጣቸው ሕጎች የጥቁር ወታደር ሚስት እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸውን በምስክር ብታስረዳ ይበቃል ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ምስክር ማለት ሰው ነው፣ ሰዎቹም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ተበትነዋል። ሁለተኛው ችግር ስሙ ነበር። ወታደሩ ሲቀጠሩ የተመዘገቡት በጌታቸው የቤተሰብ ስም ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ያንን ስም ጥለው የአባታቸውን ያዙ። መዝገቡ ላይ ያለው ወታደርና የሞቱት ባል አንድ ሰው መሆናቸውን መበለቲቱ ማስረዳት ግድ ሆነባቸው። ይህ የእሳቸው ብቻ ዕጣ አልነበረም። ብዙዎችን ከባርነት ያወጣችው ሃሪየት ተብማን እንኳ በ1888 ለሞተው ባሏ ለኔልሰን ዴቪስ ጡረታ ስትጠይቅ፣ በጦሩ መዝገብ ኔልሰን ቻርልስ የተባለው ሰው እሱ መሆኑን ማስመስከር ነበረባት፤ በወር 8 ዶላር የተፈቀደላትም በ1895 ነው።

ከገጾቹ ሁሉ ደጋግሜ የማነባት አንዲቱን ነው። መርማሪ ተልኮ መበለቲቱ ቤት ድረስ ሄዶ ቃላቸውን የተቀበለበት ገጽ ነው። የት ተወለዱ፣ ጌታዎ ማን ነበር፣ ከሟቹ ባልዎ በፊት ሌላ ባል ነበረዎት፣ እሱ ከሞተ በኋላስ ከወንድ ጋር ኖረው ያውቃሉ፣ እያለ ይጠይቃል። የመጨረሻው ጥያቄ ነውር ቢመስልም ሕግ ያዘዘው ነበር፤ በ1882 የወጣ ሕግ፣ መበለት ሳታገባ ከወንድ ጋር ከኖረች አበሏ ይቋረጥ ይላል። መርማሪው በመጠሪያ ስማቸው ብቻ ይጠራቸዋል፤ እኔ ስለ እሳቸው በአማርኛ ስጽፍ አንቱ ማለት በመቻሌ ደስ ይለኛል። ልደታቸውን አያውቁትም። የመጀመሪያ ልጃቸው መቼ እንደተወለደ ሲጠየቁ ቀን አልጠሩም፤ በቆሎ በሚፈለፈልበት ወራት፣ አሮጌው ጌታ ከሞተ በኋላ ባለው ዓመት፣ አሉ። ያዋለዷቸው ሴት ተጠርተው ይህንኑ መሰከሩ። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ቶሎ ገባት፤ እሷም የራሷን ልደት የምትቆጥረው ጤፉ በታጨደበትና በሬያቸው ገደል በገባበት ዓመት ነው። ከገጹ ግርጌ ስማቸው በጸሐፊው እጅ ተጽፎ፣ በመጠሪያቸውና በአባት ስማቸው መካከል በራሳቸው እጅ ያደረጉት የመስቀል ምልክት አለ። አንደኛው መስመር ጠንካራና ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛው መሐል ላይ ቀለም አልቆበት ይሳሳል፣ ከዚያ እንደገና ተነክሮ ይቀጥላል።

የእኔ ቅድመ አያት አባትም በእኛ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ዘምተው አድዋ ላይ ወድቀዋል። ሚስታቸው ምን እንደሆኑ፣ ባላቸው በማደሪያ የያዙት መሬት ለማን እንደቀረ፣ በቤታችን የሚያውቅ የለም። ስማቸውን እንቆጥራለን፤ ድምፃቸውን ግን አናውቅም፤ ምክንያቱም ማንም አልጠየቃቸውም። መበለቲቱ ደግሞ የተጠየቁት ስላልታመኑ ነው። ዶሴው እንዲህ የወፈረው በጥርጣሬ መሆኑ ያንገበግበኛል፤ እሳቸውን ያለ ምንም ጥያቄ የሚያምን መንግሥት ቢሆን ኖሮ እኛ አንዲት ካርድ ብቻ እናገኝ ነበር። ምርጫው የእኔ ቢሆን ግን እሳቸው በመጀመሪያው ወር ታምነው ስምንት ዶላራቸውን ቢቀበሉና እኛ ምንም ባናውቅ እመርጥ ነበር።

አበሉ በ1908 በወጣ ሕግ ወደ 12 ዶላር አደገላቸው። የዶሴው የመጨረሻ ወረቀት በ1911 የተጻፈ ነው፤ በሞት ምክንያት ከተከፋዮች ዝርዝር መሰረዛቸውን በሦስት መስመር ይናገራል።

በዋሽንግተን ዩ ስትሪት ላይ፣ ዘጠነኛው መንገድ ዳር ካሉት የእኛ ምግብ ቤቶች ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ የጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ አለ። በ1998 የተመረቀ ሲሆን በዙሪያው ባለው ግድግዳ ላይ የ209,145 ሰዎች ስም በየጦራቸው ተቀርጿል። እኔ በዚያ በኩል ቡና ለመጠጣት ስመላለስ ዓመታት ቆጥሬአለሁ፤ የባለቤቴ ዘመድ እዚያ እንዳሉ ግን አላውቅም ነበር። ባለፈው ግንቦት አማቴንና ልጄን ይዘን ሄድን። 4ኛውን ሬጅመንት አግኝተን ከላይ ወደ ታች በጣታችን እየተከተልን ስንወርድ በጌታቸው ስም ተጽፈው አገኘናቸው። አማቴ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ይህን ስም እኮ ጥለውት ነበር» አሉ።

ልጄ አሁን በአባቷ በኩል አምስት ትቆጥራለች፤ አምስተኛው ወታደሩ ናቸው። መበለቲቱ ለመርማሪው በሰጡት ቃል ውስጥ እናታቸው ወደ ደቡብ የተሸጡት እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ መሆኑን ተናግረው የእናታቸውን መጠሪያ ስም ጠርተዋል። ልጄ በሴቷ በኩል ዞራ ያንን ስም ስድስተኛ አድርጋ መቁጠር ጀምራለች።