ኖራና ዩሪያን በአንድ ቅዳሜ

አለታ ወንዶ ላይ ከአባቴ የወረስኩት ግማሽ ሄክታር የቡና ማሳ አለኝ። ኑሮዬ ሐዋሳ ስለሆነ ማሳውን የማየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ያጠፋኝም ይኸው ጥድፊያ ነው።

አረሙ ታረመ፣ ያረጁት ግንዶች ተጎነደሉ፣ የዋንዛው ጥላ ሳሳ። አፈሩንም አስመረመርኩ፤ ቀዩ አፈራችን ብርቱ አሲዳማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ለተክሉ ምግብ የሆነው ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ቅድሚያ የሚያስፈልገው አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ ነው።

ወረዳው የሰጠኝ ወረቀት ላይ ኖራ፣ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ)፣ ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ተብሎ በተርታ ተጽፏል። በመካከላቸው ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት አንዲት ቃል የለችም። ባለሙያውን ስጠይቀው ከስልኩ ቀና ሳይል «ሁሉንም ስጠው» አለኝ። መጠኑ ለበቆሎ የተጻፈ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠየቅኩም፤ ልቤ ያለው የቀን ሠራተኞቹ ክፍያ ላይ ነበር። በአንድ ቀን ልገላገል ብዬ ሦስቱንም ቅዳሜ ዕለት አስበተንኩ።

ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሲጥል ደስ አለኝ። እሑድ ማለዳ ማሳው ውስጥ ስገባ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ የፈረስ ጋጣ የመሰለ ሽታ ተቀበለኝ። ማዳበሪያው ሥራ ጀመረ ብዬ ጭራሽ ኮራሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት አጥሩ ጋ ቆመው «ልጄ፣ የሚሸተው እኮ ገንዘብህ ነው» አሉኝ። ሳቅኩባቸው።

እውነታቸውን ነበር። ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን፣ አሞኒየም የሚባለው፣ እርጥበት ላይ ከኖራ ጋር ሲገናኝ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይተናል። ዩሪያም አፈር ሳይለብስ ከቀረ ዕጣው ያው ነው፤ ኖራ ደግሞ ያፋጥነዋል። አንድ የ50 ኪሎ ዩሪያ ከረጢት የሚይዘው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ለሰማይ እንደገበርኩ ማሰብ አልፈልግም።

ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ ዩሪያውን ግንዱ ሥር ቆልለውት ኖሯል። አጠገባቸው ቆሜ አላየሁም፤ ባጃጅ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ካፊያው ቀርቶ ፀሐይዋ ስትበረታ የወጣቶቹ ችግኞች ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ተቃጠለ። 43 ችግኝ ነቀልኩ። ባለሙያውን ተመልሼ ስጠይቀው «ዝናቡ ስለቀረ ነው» አለኝ። ዝናቡ!

አሁን ኖራውን ለቀማ እንዳበቃ፣ ጥር ላይ፣ ብቻውን በትኜ ሥሩን እንዳልነካ በስሱ ከአፈሩ ጋር አዋህደዋለሁ። ዩሪያውን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን በበልግ፣ ግማሹን በክረምት፣ አፈሩ ሲርስ ብቻ እሰጣለሁ። ቦታው ግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ ነው፤ ዙሪያውን ትንሽ ቦይ ቆፍሬ፣ ጨምሬ፣ አፈር አለብሰዋለሁ። መጠኑም ወረቀቱ ከሚለው ግማሽ ነው፤ ባለሙያው ይቆጣ። ዩሪያ ራሱ ዓመት በዓመት አፈሩን ያኮመጥጣልና ቀሪውን ከፍግ ጋር ለወራት በተብላላ የቡና ልጣጭ እሞላዋለሁ። ቡናውን «ኦርጋኒክ» ብሎ ሊሸጥ የሚያስብ ሰው ግን ዩሪያን ጨርሶ አይንካ። የአሜሪካው መስፈርት ከምርቱ በፊት 36 ወር ማሳው እንዲህ ያለ ነገር እንዳይነካው ይጠይቃል፤ ይህንንም የነገረኝ አልነበረም።

የኖራው ቀን ሲደርስ የዩሪያውን ከረጢት ሐዋሳ ቤቴ ቆልፌበት እሄዳለሁ። ራሴን አላምነውም።