የዘካው ደብተር

ጥቅምት ሲገባ ደሴ ላይ ሁለት ነገር ይበረታል፤ ብርዱና የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ (የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ትልቁ ነጋዴ) ሩጫ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት ያወጣው የሂሳብ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ደረጃ «ሀ» ዓመታዊ ሂሳቡን የሚያስታውቀው ደግሞ እስከ ጥቅምት 30። በመሐል አራት ወር ሙሉ አለ። ደንበኛ ግን ጥቅምት 20 ካላለፈ ቢሮዬን አያውቀውም።

ሐጂም የመጡት በ2016 ጥቅምት 24 ጠዋት ነው። ሸዋ በር አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ፣ የውሃ ቧንቧ። አንድ ማዳበሪያ ተሸክመው ገቡ። ማዳበሪያው ውስጥ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ደረሰኝ።

«ልጄ፣ የ2015ን ሂሳብ ሥሪልኝ። ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» አሉኝ።

ሁሉም የለም። በዚህ ሥራ «ሁሉም አለ» የተባለበት ማዳበሪያ ተሟልቶ አጋጥሞኝ አያውቅም።

የመጀመሪያው ጣጣ ነጭ ወረቀት ነበር። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ደረሰኝ ብርሃንና ሙቀት አይችልም። ሐጂ የተወሰነውን መስኮት ሥር ደርድረው አስቀምጠውታል። ጽሑፉ ጠፍቷል። ብር የተከፈለበት ወረቀት ባዶ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ገንዘቡ በእርግጥ ወጥቷል፤ ግን የማይነበብ ደረሰኝ ለግብር ሰብሳቢው ባዶ ወረቀት ነው። ጥቂቱን ከሻጮቹ ቅጂ ለምነን አገኘን። የቀረውን ትተነዋል። (ደረሰኙን በተቀበላችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት። ዋጋው ትንሽ ነው፣ አትሰስቱ።)

ቀጥሎ የወጪ ዝርዝር ጠየቅኋቸው። በቃል ነገሩኝ። የሱቅ ኪራይ፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ፣ መብራት፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ያመጣው የአይሱዙ ኪራይ። ደህና ነው። የጫኝና አውራጅ። እዚህ ላይ ተያየን። አውራጅ ደረሰኝ አይቆርጥም። ከዚያ የልጅ ሰርግ አሉኝ። ለመውሊድ የታረደ ሰንጋ። ዘካ፣ ሙስሊም በየዓመቱ ከሀብቱ ለድሃ የሚያወጣው።

«ሐጂ፣ ሰርጉ የሱቁ ወጪ አይደለም።»

«ከሱቁ ገንዘብ አይደል እንዴ የወጣው?»

«ከሱቁ ወጥቷል፤ ለሱቁ ግን አልወጣም።»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ዘካውስ?»

«እሱም አይቀነስም።»

«ተይው እንግዲያ። እሱ ከአላህ ጋር ያለ ሂሳብ ነው። አብሽሪ።»

ዘካ የሚለውን ቃል ሰምቼ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍሁ። እዚያች ላይ ቆም ብል ኖሮ የሦስት ቀን ራስ ምታት ይቀርልኝ ነበር።

ትልቁ ችግር የዕቃ ቆጠራ ነበር። የነጋዴ ትርፍ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ በዓመቱ መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ የነበረ ዕቃ፣ ሲደመር የተገዛ፣ ሲቀነስ ሰኔ 30 መደርደሪያ ላይ የቀረ። የሚገኘው የተሸጠው ዕቃ ዋጋ ነው። እሱን ከሽያጩ ስትቀንሱ ጠቅላላ ትርፉ ይወጣል። ሽያጩ ከማሽኑ ይገኛል። ግዢው ከደረሰኝ። የመጀመሪያው ካለፈው ዓመት ሰነድ፣ 410,000 ብር ብሎ ተቀምጧል። ሰኔ 30 የቀረው ግን ካልተቆጠረ የለም።

«ሐጂ፣ ሰኔ 30 ቆጠራ አድርገዋል?»

«አላደረግሁም።»

አንጀቴ ቁርጥ አለ። በጥቅምት መጨረሻ የሰኔን መደርደሪያ እንዴት ይቆጥሩታል? ብዙ ቢሮ እዚህ ላይ በግምት ቁጥር ይሞላል። እኔም ሞልቼ አላውቅም አልልም።

ሳንቲም በማታክል አጋጣሚ ነው የዳንነው። ምሳቸውን ይዛ የመጣች ልጃቸው፣ አሥረኛ ክፍል ናት፣ ወሬያችንን ሰምታ «አባ፣ በአረፋ ሰሞን የምንቆጥረውስ?» አለቻቸው።

ሐጂ ለካ በየዓመቱ ይቆጥራሉ። የዘካ ዓመታቸው የሚሞላው በአረፋ ነው። ከበዓሉ ማግስት ሱቁን ዘግተው፣ ከልጆቻቸው ጋር እያንዳንዷን ቁልፍና ምስማር ይቆጥራሉ። ከ40 አንድ ለማውጣት። እኔ «ቆጠራ» ስላቸው የመንግሥት ሰው መጥቶ የሚቆጥረው መስሏቸዋል። የሳቸው ስሙ ቆጠራ አይደለም፤ «ዘካውን ማስላት» ነው።

ደብተሩ በማግስቱ መጣ። ጠርዙ የተበላ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ደብተር። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቃቸው ተዘርፏል፣ የቆየ ሰነዳቸውም አብሮ ሄዷል። እሳቸው ሲሸሹ የያዙት ቁርዓናቸውንና ይህን ደብተር ነው። ከፈትሁት። አንድ ፊደል አልገባኝም።

በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። ዐጀም። ወሎ ውስጥ መንዙማ ሲጻፍበት የኖረ ፊደል ነው። የምስማር ኪሎ ተጽፎበት ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷ እያነበበች እኔ ጻፍሁ። ቁጥሮቹን ራሴ ለማንበብ ሞክሬ ወዲያው ተውሁት። የነሱ አምስት ክብ ናት፣ የኔን ዜሮ ትመስላለች። የነሱ ስድስት የኔ ሰባት ነው። ዜሯቸው ነጥብ ብቻ። 50 የነበረውን ቧንቧ ምንም የለም ብዬ አልፌው ነበር፣ ልጅቷ መለሰችኝ።

ደግሞ ዕድለኞች ነን። በ2015 አረፋ የዋለው ሰኔ 21 ነው። እስከ ሰኔ 30 የቀረው ከሳምንት ብዙ አይበልጥም። የነዚያን ቀናት ግዢ ደመርሁ፣ ሽያጩን ቀነስሁ፣ 624,000 ብር መጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ሂሳቡን ዘጋሁ። ሽያጭ 3,180,000። ግዢ 2,760,000። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 2,546,000። ጠቅላላ ትርፍ 634,000። ደረሰኝ ያለው ወጪ 250,000 ሆነ። የሚቀረው 384,000። በጊዜው በነበረው ስሌት ከ130,800 ብር በላይ ያለ የንግድ ትርፍ በ35 በመቶ ይሰላና 18,000 ይቀነስለታል። ግብሩ 116,400 ብር።

ጥቅምት 27 ሐጂ ለፊርማ መጡ። ቁጥሩን ነገርኋቸው። እንደ ሌላው ደንበኛ «በዛ» ይላሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላሉም። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ዝም አሉ።

«ከወጪ በፊት ስንት አተረፍህ ነው የሚለው?»

«634,000።»

«አይሆንም።»

«ሐጂ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው።»

«ኮምፒውተሩ ከኔ ጋር ሱቅ አልዋለም። እኔ በ100 ብር ላይ 20 ብር ነው የምጥለው። 30 ዓመት። ቀለሙም እንዲያው ነው፣ ቆርቆሮውም እንዲያው ነው። በ120 ስሸጥ 20ዋ የኔ ነች። ከስድስት አንድ። የሸጥሁትን ለስድስት አካፍዪው እስቲ።»

አካፈልሁ። 530,000።

«ይቺ 104,000 ከየት መጣች?»

እውነቱን ልናገርና ተናደድሁ። ሲከራከሩ መሰለኝ። ዲግሪ ያለኝ እኔ፣ ሦስት ቀን ያደርሁበት እኔ። «ነገ ደግሜ አየዋለሁ» ብዬ በጨዋ ደንብ ሸኘኋቸው። ሊሄዱ ሲሉ መብራት ጠፋ፣ የሠራሁትም ሳይቀመጥ አብሮ ጠፋ። ያን ቀን ረገምሁት። አሁን ሳስበው ደግ አደረገኝ፤ ከመጀመሪያው እንድሠራው ተገደድሁ።

በድጋሚ ስሠራ አንድ የበር ቁልፍ ላይ ዓይኔ አረፈ። ደብተሩ አንዱን በ600 ብር ቆጥሮታል። የግዢ ደረሰኙ ደግሞ ከፊቴ ነው፤ ከቫት በፊት 500 ብር። ቀለሙን አየሁ። ቆርቆሮውን አየሁ። ሁሉም አምስተኛ እጅ ይበልጣል።

ደወልሁላቸው። «ሐጂ፣ ደብተሩ ላይ ያለው ዋጋ የተገዛበት ነው የሚሸጥበት?»

«የሚሸጥበት ነው እንጂ። ዘካ ዕቃው በዕለቱ በሚያወጣው ነው። ቫቷን ግን አልቆጥራትም፣ እሷ የመንግሥት ናት።»

ጉዱ ይኸው ነው። ዘካ የሚፈልገው ዕቃው ዛሬ ስንት ያወጣል የሚለውን ነው። የእኔ ሂሳብ የሚፈልገው ስንት ተገዛ የሚለውን። ያልተሸጠ ዕቃ ላይ ትርፍ ጭኜ፣ ያልገባ ገንዘብ ግብር ላስከፍላቸው ነበር። 624,000ው በግዢ ዋጋ 520,000 ነው። ጠቅላላ ትርፉ 530,000፣ ወጪ ሲወጣለት 280,000፣ ግብሩ 80,000። ልዩነቱ 36,400 ብር። በእርግጥ የበዛው ቆጠራ የሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ ስለሚሆን ያኔ ትርፉን ይቀንሰዋል። ግን እስከዚያ 36,400 ብር ከነጋዴ እጅ መውጣት ማለት አንድ ጭነት ቆርቆሮ ሳይገዙ መቅረት ነው። ደብተሩ አልዋሸም። ልጅቷም በትክክል አንብባዋለች። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩ ስለተገኘ ብቻ ምን እንደሚቆጥር ሳልጠይቅ ወሰድሁት።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ኧረ አብሽሪ» አሉ። «እኔም ዘካ ስሰጥ አንድ ዓመት ተሳስቼ ደግሜ አውጥቻለሁ።»

ከዚህ በኋላ ድፍረት አገኘሁና አንድ ነገር ጨምሬ ጠየቅሁ። ጥያቄውን ግን ቀየርሁት። ቀድሞ «የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ አለዎት?» ብያቸው «የለኝም» ብለውኝ ነበር። አሁን «ዕቃ ሸጠው ሙሉ ብሩን ሳይሰጥዎ ቆርጦ ያስቀረ ድርጅት አለ?» አልኋቸው።

«ሞልቶ! ያ ኮንትራክተር ሁልጊዜ ነው የሚቆርጠው።»

«ሲቆርጥ ወረቀት አይሰጥዎትም?»

«ይሰጣል። የተቆረጠ ገንዘብ ወረቀቱ ምን ያደርጋል? ባለቤቴ ጋ ነው።»

ወረቀቶቹ የብስኩት ጣሳ ውስጥ፣ ከሐኪም ቤት ካርድ ጋር ተገኙ። ቅጣት መስሏቸው ኖሯል። በጊዜው አንድ ድርጅት ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ሲገዛ 2 በመቶ ቀንሶ ያስቀርና በሻጩ ስም ለመንግሥት ያስገባል። የሻጩ የራሱ ግብር ቅድሚያ ክፍያ ነው። የ600,000 ብር ሽያጭ ወረቀት ነበር፤ 12,000 ብር ማለት ነው። ከ80,000 ላይ ተነሣ። ሐጂ የከፈሉት 68,000 ብር። ጥቅምት 29 ላይ፣ ከሰዓት፣ ረጅም ሰልፍ ጠብቀን።

አሁን ለአዲስ ደንበኛ «ወጪ» አልልም፤ «ገንዘብ ለማን ለማን ሰጡ?» ነው የምለው። «ደረሰኝ» ብቻ አልልም፤ ወረቀት የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ እጠይቃለሁ፤ ጣሳ፣ ትራስ ሥር፣ የመኪና ዳሽቦርድ። ቡና ከተፈላ ደግሞ አልቸኩልም። አቦሉ ላይ «ሁሉም አለ» ይባላል። ሦስተኛው ላይ፣ በረካው ሲቀዳ፣ «ለነገሩ አንድ ነገር ነበረች» ይመጣል።

በሚቀጥለው ዓመት ሐጂ ቀድመው መጡ፤ መስከረም ላይ። የሂጅራ ዓመት ከኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በ2016 አረፋ ሰኔ 9 ነበር የዋለው። «አረፋው እየሸሸሽ ነው» ብለው ሰኔ 30ም ለብቻው ቆጥረዋል። ደብተሩም ተለውጧል። ልጅቷ በማስመሪያ ሁለት ዓምድ አስምራበታለች። አንዱ የተገዛበት፣ አንዱ የሚሸጥበት። ቁጥሮቹንም በክረምቱ አስተምራኛለች፣ አምስቷን ከዜሮ እለያለሁ።

በኩራት ደብተሩን ሳብሁና የመጀመሪያውን ዓምድ መገልበጥ ጀመርሁ። ስድስት መስመር ሄጄ ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ አየኋት።

«እትዬ፣ ከቀኝ ነው የሚጀመረው።»